ሰዓቱ ታሞ ነው ወይስ ርቦት?

የሰዓትን ሆድ የከፈተ ሁሉ ሰዓት ሠሪ አይባልም። ይህን የምንለው ሌላውን ለመገሠጽ አይደለም፤ በገዛ እጃችን አጥፍተን የተማርነው ስለ ሆነ ነው።

ከአባታችን የወረስነው አውቶማቲክ የእጅ ሰዓት ነበረን። ዓርብ ማታ በ12 ሰዓት ቦሌ አራብሳ ከቤታችን እንደ ገባን አውልቀን ከጠረጴዛ ላይ አኖርነው፤ እሑድ ረፋድ ላይ ብናየው ቆሟል። መቸም የተማረ ሰው የሚሳነው ነገር ያለ አይመስለውምና፣ የጀርባውን ክዳን ፈልቅቀን ብሎኑን እየፈታን በወረንጦ እንነካካው ጀመር። ያን ጊዜ ከፀጉር የቀጠነው ሞላ ተጣመመ፤ ጤፍ የምታህል አንዲት ብሎንም ተፈናጥራ ጠፋች። ተረቱ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል፤ እኛ ግን እስከ ማታ ተንበርክከን ብንፈልግ መልቀሙንም አልቻልንም።

ከዚያ በኋላ ከከተማው ምሥራቃዊ ዳር ተነሥተን መርካቶ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሄድን። በማጉያ መነጽራቸው አይተው ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፣ ሰዓቱን መቼ ነበር ያወለቅኸው?» ሲሉ ጠየቁን። «ዓርብ ማታ ነው፣ አባባ» አልናቸው። «እንግዲያው ታሞ አልነበረም፤ ርቦት ነበር እንጂ» ብለው ፈገግ አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውቶማቲክ ሰዓት ውስጥ ግማሽ ክብ የሆነ ብረት አለ፤ እጃችን በተንቀሳቀሰ ቍጥር እየዞረ ዋናውን ሞላ ይሞላል። እንግሊዛዊው ጆን ሃርውድ ይህን በእጅ ሰዓት ላይ አውሎ በ1924 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። እንዲህ ያለው ሰዓት ከክንድ ላይ ሲወልቅ ብዙውን ጊዜ 40 ሰዓት ያህል ሄዶ ይቆማል። ከዓርብ ማታ 12 ሰዓት እስከ እሑድ ጧት 4 ሰዓት ቢቈጠር ልኩ ይኸው ነው። የእኛ ሰዓት የሚያስፈልገው ክንድ እንጂ ወረንጦ አልነበረም።

ስለዚህ ይህን ጥበብ ለመማር ለሚወድ ወጣት የምንመክረው የሚከተለውን ነው። አስቀድሞ በሽታው መኖሩን ይመርምር። ቀጥሎ የአባቱን ሰዓት ትቶ፣ የማይሠራ አሮጌ ሰዓት በርካሽ ገዝቶ ይጀምር። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ያንጥፍ፤ የፈታውን ሁሉ በተራ ያኑር፤ ፎቶግራፍም ያንሣ። ከሁሉ በላይ፣ የዋናውን ሞላ ኃይል ቀስ አድርጎ ሳያስለቅቅ መንኰራኵሮቹን አይንካ፤ የታመቀ ኃይል ባንድ ጊዜ ሲለቀቅ ጥርስ ይሰብራልና። ዘይቱም በመርፌ ጫፍ የምትነካ ነጥብ ትሁን እንጂ እንደ ምጣድ ማሰሻ አይሁን። በአንድ ሰዓት ውስጥ 21,600 ጊዜ፣ ይኸውም በየሴኮንዱ 6 ጊዜ የሚመታ መሣሪያ የዘይት ብዛትና አቧራ አይችልም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በእጅ ሥራው መስደብን ከልክለው ነበር። ዛሬ ያ ስድብ ቀንሶ ይሆናል፤ ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ አለ። ዲፕሎማ ያለው ሰው፣ ሌላው ብዙ ዘመን የተማረውን የእጅ ሥራ በአንድ እሑድ ጧት እችለዋለሁ ማለቱ ራሱ ንቀት ነው። እኛም ያጠፋነው ሰዓቱን በመክፈታችን ሳይሆን፣ ሳንጠይቅ በመክፈታችን ነው።

ሽማግሌው ሞላውን አቀኑልን፤ ለጠፋችውም ብሎን ከቆርቆሮ ሣጥናቸው ምትክ ፈልገው አገኙላት። ሰዓቱ እነሆ ይሠራል፤ ነገር ግን በቀን 2 ደቂቃ ይቀድማል። እንዲያስተካክሉልን አልለመንናቸውም። ማለዳ አውቶቡስ ስንጠብቅ ባየነው ቍጥር መቸኰላችንን ያስታውሰናልና።