በሩን ከመላጋችሁ በፊት ቀና በሉ

ጭሮ ያለው የወላጆቼ ቤት የበረንዳ በር ክረምት በመጣ ቁጥር አልዘጋም ይል ነበር። እኛም በየዓመቱ አናጢ ጠርተን ከላይ በኩል እናስልገዋለን። «እንጨት አይደል፣ እርጥበት አሳብጦት ነው» እንባባላለን። ልጆቼ ትምህርት ሲዘጋ አያታቸው ጋ ሄደው ፍራሽ ዘርግተው የሚተኙት እዚያው በር ሥር ነው።

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት እየደጋገመ ሲንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ሁሉም ሰው የቤቱን ግድግዳ መመልከት ጀመረ። እማዬም ደውላ «ከበሩ በላይ ተሰንጥቋል» አለችኝ። አንድ በዕድሜ የገፉ አናጢ ይዤ ሄድኩ። ስንጥቁን በጣታቸው ጠረግ አድርገው «ይሄ የዘንድሮ አይደለም፤ ጥላሸትና የሸረሪት ድር ሞልቶታል» አሉ። ከዚያ ከበሩ በላይ ባለው አግዳሚ ሥር ሲባጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጠሩ። አግዳሚው መሃሉ ላይ አራት ጣት ወርዷል! ለካ ጥፋቱ የበሩ አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው በእህቴ ሠርግ ነው። አባቴ እንግዳ እንደልቡ ይግባ ብሎ መሃል የነበረውን ቋሚ አንስቶ፣ ሦስት ሜትር የሚሰፋ ባለ አራት ተከፋች በር አስገባ። አግዳሚው ባህር ዛፍ ግን ያው የድሮው ነው። የተሸከመበት ርቀት እጥፍ ሲሆን እንጨት የሚጎብጠው በእጥፍ ብቻ አይደለም፤ በየሜትሩ ያለው ጭነት ካልተቀነሰ 16 እጥፍ ነው። ጭነቱን ደግሞ እኛ ጨመርንበት። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን በጉድጓድ ያኖር ነበር፤ እኛ ሦስት ኩንታል ቆጥ ላይ ሰቀልን። ሦስት መቶ ኪሎ ማለት ነው።

አናጢው ሁለት መንገድ ነገሩን፤ ስፋቱን ጠብቆ በጣም ወፍራም አግዳሚ ማስገባት፣ ወይም በአነስተኛ ወጪ ቋሚውን መመለስ። ለእማዬ የሚነግራት ጠፋ። ቡና የምታፈላው እዚያ በር ላይ ሆና ነው፤ «አባታችሁ የሠራው አይነካም» እንደምትል እናውቃለን። እንደፈራነውም አለች። አናጢው ግን «እማማ፣ ልጆቹ የሚተኙት የት ነው?» ብለው ብቻ ጠየቋት። ዝም ብላ ቆየችና «ቋሚው ይመለስ» አለች።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ ማሽላው ወረደ። ከአግዳሚው ወዲህና ወዲያ፣ ወለሉ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ጣውላ የተነጠፈለት ድጋፍ ቆመ። በመኪና ክሪክ ቀስ እያሉ፣ እያሳረፉ አነሱት። ለዓመታት የጎበጠ እንጨት በአንድ ጊዜ ልንሣህ ቢሉት ጭቃውንም ጣራውንም ይዞ ይሰነጠቃል። አሮጌው ወጥቶ፣ በቡሎን የታሰሩ ሁለት ሞራሌዎች በጠባብ ጎናቸው ቆመው ገቡ። 5 በ10 የሆነ ሞራሌ እንዲህ ሲቆም ተጋድሞ ከሚገባው 4 እጥፍ መጉበጥን ይቋቋማል። የመሃሉ ቋሚ ምስጥ እንዳያገኘው አፈር ውስጥ ሳይቀበር ድንጋይ ላይ አረፈ። አንዱ ትልቅ በርም ሁለት በር ሆነ።

እናንተም ጋ በር ከላይ በኩል የሚይዝ ከሆነ፣ ከበሩ ማዕዘን ወደ ላይ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም የጣራው ቆርቆሮ መሃሉ ላይ ጎድጎድ ካለ፣ መላጊያውን አስቀምጡና አግዳሚውን እዩ። ድጋፍ ሳይቆም ማንም እንጨቱን አይንካ፤ ልጆቹም በሌላ ክፍል ይተኙ።

ወላጆቻችሁን ልትጠይቁ ስትሄዱም ከቡናውና ከስኳሩ ጋር አንድ ጥቅል ሲባጎ ያዙ።