ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም!

የጣና ነገር በተነሳ ቁጥር ባለሥልጣኖቻችን የሸመደዷት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለቻቸው። «የሀገራችን ትልቁ ሐይቅ፣ የዓባይ መነሻ» ይሉና ጭብጨባቸውን ተቀብለው ይቀመጣሉ። መቼም ውሸት ነው አልልም። ከሰሜን ደቡብ 84፣ ከምሥራቅ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ተዘርግቶ፣ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተኛ ጨው የሌለበት ውሃ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጥልቀቱስ? እዚህ ላይ ጸጥ!

ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢሆን ነው። በስፋት የጣናን አንድ አሥረኛ የሚያህለው ሻላ ግን ከ250 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ጣናን የሠራው እሳተ ገሞራ ነው፤ በደቡብ በኩል የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት መውጫውን ዘጋና ውሃው ወደ ኋላ ተንጣለለ። እንግዲህ ጣና ትሪ ነው፣ እንስራ አይደለም። ከትሪ ላይ ጥቂት ከተቀዳ ዳር ዳሩ ወዲያው ይራቆታል። አንድ ሜትር ወረደ ማለት 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ሄደ ማለት ነው።

ይህን ለጂኦግራፊ መምህራን ብቻ የምንተወው አይደለም። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ሐይቁን የሚሞላውና የሚያጎድለው ክረምትና በጋ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በሩን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው መጣበት። በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ አንሶ ሳለ ውሃው ለጢስ ዓባይ ተርባይን ሲለቀቅ ሐይቁ ወረደ፣ መርከቦች ሥራ ፈቱ፣ ገበሬውም የተራቆተውን ዳርቻ ማረስ ያዘ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከምዕራብ ዳርቻ ውሃውን ወደ በለስ የሚወስድ ዋሻ ተከፈተ፤ 460 ሜጋ ዋት ተባለ። መብራት አልጠላሁም፣ በሻማ የጻፍኳቸው ጽሑፎች ይመስክሩልኝ! ግን ፏፏቴው ጢሱን ሲያጣ፣ ባለ ታንኳው ደንገል ሲጠፋበት፣ ማን አማከራቸው?

በሌላ በኩል ትሪው እየተደፈነ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከተራቆተው ደጋ አፈር እየጠረጉ ያመጣሉ። በ2004 ዓ.ም. እንቦጭ ብቅ ያለው በዚያው በመገጭ በኩል መሆኑ ይገርማል እንዴ? ጥልቀት የሌለው፣ ከእርሻ በታጠበ ማዳበሪያ የጠገበ ዳርቻ ለእንቦጭ የተነጠፈ ፍራሽ ነው። የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ባለሥልጣኑም በቦት ጫማ መጣ፣ አንድ እቅፍ አረም ይዞ ፎቶ ተነሳ፣ ሄደ። አፈሩ ከላይ መምጣቱን ካላቆመ ነቀላው ለከርሞም ያው ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ዛሬ የጣና ከፍታ ስንት ነው? በጨረጨራ ስንት ተለቀቀ? በበለስ ዋሻስ ስንት ሄደ? የዶላር ምንዛሪ በየጊዜው ይነገረናል፤ ይህ ቁጥር በሬዲዮ ሲነገር ግን እኔ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። የሚለኩት ሰዎች ደመወዛቸው ከእኛው ግብር ነው። እንግዲያው በባሕር ዳርና በጎርጎራ ወደብ በየሳምንቱ በሰሌዳ ይለጠፍ፣ ታንኳ ቀዛፊውም ያንብበው።