«ታሳዝናለች» ማለት ይበቃል ወይ?

ባለፈው እትም በዚሁ ግድግዳ ላይ፣ ከስፖርት ዜናው በታች፣ አንዲት አጭር አስተያየት ተለጥፋ ነበር። «በእርሻ ክፍሉ መጋዘን የምትኖረው ድመት ስቃይዋ በዝቷልና ብትገላገል ይሻላል» ትላለች። የጸሐፊው ስም የለም። ስም መሸሸጉ ደስ ባይለንም አሳቡ በክፋት የተጻፈ ነው አንልም። ግቢው ውስጥ በየቀኑ የምንሰማው ይህንኑ ነው። ድመቷን ያየ ሁሉ ከንፈሩን ይመጣል፤ «ወይኔ፣ ስታሳዝን!» ይላል፤ ወዲያው ደሞ «ምናለ ቢገላግሏት» ያስከትላል። ከማዘን ወደ መግደል ያለው መንገድ እንዲህ አጭር መሆኑ ነው ያስገረመን።

እኛ ማለት ድመቷን በተራ የምንጠብቅ ስድስት የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኞች ነን። ለማታውቋት አንባቢዎች እናስተዋውቃችሁ። ስሟ እስክስታ ነው። ያወጡላት የማታው ዘበኛ ጋሼ ናቸው። በመስከረም መጀመሪያ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ካለው የውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ያወጧትም እርሳቸው ናቸው። እናትየዋ ሌሎቹን ልጆቿን በአፏ እያንጠለጠለች ወደ እንጨት ክምሩ ስታሻግር እርሷን ትታት ነበር። ያን ጊዜ ቢበዛ የአምስት ሳምንት ልጅ ናት። ስትቆም አራት እግሯን እንደ በርጩማ ትዘረጋለች፤ ስትራመድ ትንገዳገዳለች፤ ወደ ምግብ ስትጠጋ ጭንቅላቷ ይንቀጠቀጣል። ጋሼ አይተው «ይቺስ እስክስታ ወራጅ ናት» አሉ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ማላገጫ ነው የሚሉ አሉ። ለእኛ አይመስለንም። እስክስታ የሚወርድ ሰው ይታያል እንጂ አይታዘንለትም።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ትሠቃያለች ወይስ አትሠቃይም የሚለው ነው። ይህ ደግሞ በስሜት የሚመለስ አይደለም። የባዮሎጂ መምህራችንም የወረዳው እንስሳት ክሊኒክ ሐኪምም ያስረዱን አንድ ዓይነት ነገር ነው። ከአንጎል በስተኋላ ሴሬቤለም የምትባል ክፍል አለች፤ ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ሥዕሏን ስለን ስሟን ጽፈናል። ሥራዋ እንቅስቃሴን ማስተካከል ነው። እግር ከሚረግጥበት እንዳይስት፣ አፍ ከጉርሻው አልፎ እንዳይሄድ የምትለካ እርሷ ናት። ፓንሉኮፔኒያ የሚባል የድመት በሽታ አለ፤ ቫይረሱ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ያጠቃል። እናትየዋን በእርግዝናዋ መጨረሻ ወይም ልጆቿን በተወለዱ ሰሞን ከያዘ፣ ሴሬቤለም ገና በመሠራት ላይ ስለሆነች ዕድገቷ ይጨነግፋል። ከአንድ ሆድ ከወጡት አንዷን ነክቶ ሌላውን ሊተው ይችላል። የእስክስታ ወንድም ዛሬ በምግብ አዳራሹ ጣሪያ ላይ ቀጥ ብሎ ሲራመድ የምታዩት ቡራቡሬ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ በሉልን። ጉዳቱ አንድ ጊዜ የደረሰና ያለፈ ነው። አይድንም፤ አይብስምም። መንቀጥቀጡ ራሱ አያማትም። ሌላ አደጋ ካላገኛት እንደ ማንኛዋም ድመት ዕድሜዋን ልትኖር ትችላለች። መንቀጥቀጡ የሚበረታው አንድ ነገር ለማድረግ ስታስብ ነው፤ ሳሕኑን ስታነጣጥር፣ የምንጎትትላትን ገመድ ልትይዝ ስትል። ስትተኛ ጭራሽ ይጠፋል። የተጠራጠረ ከምሳ በኋላ መጥቶ ይመልከት፤ ጆንያው ላይ ተጠቅልላ ስትተኛ ከሌላ ድመት የሚለያት ምንም ነገር የለም። ደግሞም ከዚህ ሌላ አካሄድ አታውቅም። «ድሮ እንዴት እራመድ ነበር» ብላ አትቆጭም። የምንቆጭላት እኛ ነን።

«የእብድ ውሻ በሽታ ይዟት ቢሆንስ?» ያሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህ በሽታ ሰው የሚገድል ስለሆነ ማንም ሊቀልድበት አይገባም። ትናንት ደህና የነበረች ድመት ዛሬ ድንገት ብትንገዳገድ፣ ለሃጯን ብታዝረበርብ፣ ያለ ምክንያት ብትናከስ፣ ሳይነኩ ለእንስሳት ሐኪም መንገር ነው። ነገር ግን በዚህ በሽታ የተያዘ እንስሳ ምልክቱ ከታየበት በኋላ ብዙ አይቆይም። ሰው የነከሰ ውሻ ወይም ድመት ለ10 ቀን ተይዞ የሚጠበቀውም ስለዚህ ነው። እስክስታ ከመስከረም ጀምራ እየተንገዳገደች አሁን የካቲት ገባ። ክትባቱንም ወስዳለች፤ ካርዷ መጋዘኑ በር ላይ ተሰቅሏል፤ ማየት ነጻ ነው።

መገላገል የሚባለውን ነገር በጠቅላላው አንቃወምም። መብላት ያቃታት፣ ከቀን ወደ ቀን የምትከሳ፣ ጠጉሯን መላስ ያቆመች፣ በራሷ ቆሻሻ ላይ የምትተኛ ብትሆን ኖሮ ሐኪሙ መርፌውን ይዘው እንዲመጡ ቀድመን የምንለምን እኛ በሆንን። (በዱላ ወይም በአይጥ መርዝ የሚደረገው መገላገል አይባልም፤ ሌላ ስም አለው።) ስለዚህ የምንከታተለው እነዚህኑ ነገሮች ነው። በየቅዳሜው በእርሻ ክፍሉ ሚዛን እንመዝናታለን፤ ባለፈው 2 ኪሎ ከ300 ግራም ሆናለች። የበላችውን እንጽፋለን። ጠጉሯን ትልሳለች፤ እየወደቀችም ቢሆን ትጫወታለች። ጉሮሮዋ ኩርር ማለቱን ግን እንደ ማስረጃ አንቆጥረውም፤ ድመት ታማም ኩርር ትላለችና።

ወደ አያያዙ እንምጣ። ብዙ ሰው ችግሩ የገንዘብ ይመስለዋል። ሥራው ግን ከገንዘቡ ይልቅ ትዕዛዝ ማክበርን ይጠይቃል። መጋዘኑ ውስጥ ከጉልበት በላይ ከፍታ ያለው ነገር አልተውንላትም። መዝለል አትችልም፤ በጥፍሯ እየቧጠጠች መውጣት ግን ትችላለች፤ መውረዱ ነው የሚጥላት። ጥፍሯን የማንቆርጠውም መሬቱን ቆንጥጣ የምትይዝበት እርሱ ስለሆነ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነበር፤ ገለባ ጎዝጉዘን ጆንያ ደርበንበታል። ሳሕኗ ከባድ የሸክላ ሳሕን ነው፤ ጡብ ላይ እናስቀምጠዋለን። መሬት ላይ ሲሆን አጎንብሳ በአፍንጫዋ ትደፋዋለች፤ ከፍ ሲል ግን አንገቷ ብዙ ስለማይወርድ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። የአሸዋ ሣጥኗ አንዱ ጎን ዝቅ ብሎ ተቆርጧል፤ ጥግ ላይ አድርገነዋል፤ ግድግዳውን ተደግፋ ትጠቀማለች። ደግሞም ማናቸውም ዕቃ ከቦታው አይነሣም። መጥረጊያ እንኳ ያለ ቦታው ቆሞ ሲገኝ ሄዳ ትላተመዋለች። ይህን ሁሉ ያስተማረችን እርሷ ራሷ ናት።

ምግቧ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ድመት እንጀራ በወጥ ይበቃታል የሚለው የቆየ አነጋገር ልክ አይደለም። ቶሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ድመት በሰውነቷ በበቂ መጠን መሥራት ስለማትችል ከሥጋና ከዓሣ ማግኘት አለባት። ከእህልና ከአትክልት አታገኘውም። ሲጎድላት የዓይኗ ብርሃን ይጠፋል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1975 በጥናት ታይቷል። ልብዋንም እንደሚያደክም በ1987 ታወቀ። እንግዲህ በየቤታችን ሽሮ እየላሱ የሚኖሩት ድመቶች እንዴት ቆዩ ቢባል፣ መልሱ አይጥ ነው። የጎደላቸውን አድነው ይሞላሉ። እስክስታ ግን አይጥ ቀርቶ በረሮ እንኳ ስታነጣጥር ትስታለች። የእርሷ ችግር ከሌላው ድመት የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የሌላውን ድመት ጉድለት ተፈጥሮ ሲሞላለት የእርሷን የምንሞላው እኛ ነን።

ስለዚህ ሳንባ እንገዛላታለን። ከምግብ ቤት የሚተርፈውን ወጥ አንሰጣትም። ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳል፤ ቀዩን የደም ሕዋስ ይሰባብራል። ይህን ለምግብ ቤቷ እትዬ ስንነግራቸው መጀመሪያ ሳቁብን። «ድመት ደሞ ሽንኩርት መምረጥ ጀመረች?» አሉ። አሁን ግን ሥጋ በሚሠራበት ቀን ሽንኩርቱ ሳይገባ ቅንጣቢውን ለይተው የሚያስቀምጡልን እርሳቸው ናቸው። ወተትም ለአደገ ድመት አይስማማም፤ ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። እያዘናችሁላት በኩባያ ወተት ይዛችሁ የምትመጡ እኅቶቻችን በዚሁ ተረዱልን።

አሁን ደግሞ ዐቢይ ጾም ደረሰ። ከከተማው ሥጋ ቤቶች አብዛኞቹ ለ55 ቀን ይዘጋሉ። እኛ እንጾማለን፤ ድመት ግን መጾም አትችልም። ሙስሊም ባልንጀሮቻችን ከሙስሊም ሥጋ ቤት ሳንባ እየገዙ ሊያመጡልን ተስማምተዋል። ጉዳዩን ከእኛ ቀድመው ያነሡት እነርሱ መሆናቸውንም ሳንጠቅስ አናልፍም። እርሻ ክፍሉም በሳምንት ሁለት እንቁላል ፈቅዶልናል፤ ቀቅለን እንሰጣታለን።

«ሰው ሳይጠግብ ለድመት?» ላሉን መልሳችን አጭር ነው። ወጪው በሳምንት ከእያንዳንዳችን አሥር ብር ነው፤ ከተቋሙ በጀት አንዲት ሳንቲም አልተነካም። ይህን አሥር ብር ብንተወው ለተራበ ሰው ይደርሳል ያለ ካለ፣ ሻይ ቤቱን ይጠይቅ። ሌላ እንስሳ እናምጣ ቢባል ግን እኛው ራሳችን እንቃወማለን። ለስድስት ሰው አንድ ድመት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ መጠለያነቱ ቀርቶ ማጎሪያ ይሆናል።

«ለተፈጥሮ ይተው» የሚለውም አለ። የትኛው ተፈጥሮ? የአስፋልቱ መኪና፣ የሰፈሩ ውሻና በእህል ቤቱ የሚረጨው የአይጥ መርዝ ናቸው ከአጥሩ ውጭ የሚጠብቋት። ድመት ከሰው ጎተራ አጠገብ መኖር ከጀመረች ሺህ ዓመታት ተቆጥረዋል። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ግድም በሆነው መቃብር ውስጥ ሰውና ድመት ጎን ለጎን ተቀብረው መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ሆኗል። ወደ ቤታችን ያስጠጋናትን «ሂጂ ወደ ዱርሽ» ማለት ነገር ማቅለል ነው።

ይህን የምንሠራው እኛ የመጀመሪያዎቹ ሆነን አይደለም። በሆለታ አጠገብ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ያቋቋመው እንስሳ ኮቴ የሚባል ማዕከል አለ። በሰንሰለት ታስረው የኖሩ አንበሶችና ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች የተነጠቁ አቦ ሸማኔዎች ይጠበቁበታል። እነርሱም የድመት ዘመዶች ናቸው። ማደን ሳይማሩ ያደጉትን ወደ ዱር መመለስ ስለማይቻል እዚያው ይኖራሉ። በአሜሪካ ዩታ፣ ካናብ ከተማ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የቤስት ፍሬንድስ መጠለያ ደግሞ ዕውርና ሽባ የሆኑ፣ እንደ እስክስታ የሚንገዳገዱም ድመቶችን ያኖራል። የእነርሱ አቅም እኛ የለንም። ነገሩ ግን አንድ ነው፤ በሰዓቱ የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል።

ድመትን ከሰው ልጅ ጋር ማወዳደር አንወድም፤ አንባቢም እንዲያወዳድር አንጠይቅም። ሆኖም አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አልቻልንም። ባለፈው መንፈቅ ለምልከታ በሄድንበት ትምህርት ቤት እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ አየን። ሰሌዳው ላይ መልስ ለመጻፍ እጁን አወጣ። መምህሩ «አንተ ቁጭ በል የኔ ልጅ፣ አትቸገር» አሉት፤ ጠመኔውንም ለሌላ ሰጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ድምፃቸው የአባት ነበር። ልጁ መልሱን ያውቀው እንደሆነ ግን እስከ ደወሉ ድረስ ማንም አልጠየቀውም።

አሁን የሚያሳስበን ነገር ይህ ነው። በመጪው ወር ለማስተማር ልምምድ ስድስታችንም ወደየተመደብንበት እንበተናለን፤ የምንመለሰው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። መጋዘኑም ለአሮጌ ዴስኮች ማስቀመጫ ይፈለጋል ተብሏል። አስተዳደሩን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ዴስኮቹ በስተግራ በኩል ቢደረደሩ በበሩ በኩል ያለው ጥግ ለድመቷ ይበቃል፤ ለክተን አረጋግጠናል። የእርሻ መምህራችን ቁልፉን በእርሳቸው ዘንድ ሊያስቀምጡ ፈቅደዋል። የቀረው ሰው ነው።

ሥራው ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ግማሽ ሰዓት፣ ማታ 11 ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። አንድ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ቢይዝ ይበቃል። የመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኞችን በተለይ እንጠይቃለን፤ ከመሄዳችን በፊት ለአንድ ሳምንት አብረናችሁ እየሠራን እናሳያችኋለን። ያለ ስም አስተያየት የጻፍከው ባልንጀራችንም ብትመጣ ደስ ይለናል፤ አንድ ማክሰኞ ይዘህ እያት፣ ከዚያ በኋላም «ትገላገል» ካልክ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። የስም መጻፊያው ወረቀት ከዚህ ጽሑፍ በታች ተለጥፏል። እርሳሱ በገመድ ታስሯል። እስካሁን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ተይዘዋል።