የአባቶቻችን መሬት አረጀን?

ሳይንስና ቴክኖሎጂ ለታዳጊ አገሮች ዕድገት ያለው ድርሻ ሲነሣ ብዙዎቻችን ሳተላይትና ኮምፒውተር ይታየናል። እስኪ ዛሬ ከእግራችን ሥር፣ ከዱርቤቴና ከአካባቢዋ አፈር እንጀምር።

ገበሬው ማዳበሪያ በውድ ዋጋ ገዝቶ ይዘራል፤ ምርቱ ግን እንደ ድካሙ አይሆንለትም። አንዱ ማሳውን ለግብጦ ይተወዋል፤ ሌላው ባሕር ዛፍ ይተክልበታል። በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ ደግሞ ብዙዎች ዲከረንስ ተክለው ከሰል ሲያከስሉ ኖረዋል። ብልሃቱ ገንዘብ ያስገኛል፤ እህል ግን አይሆንም።

እኛ «መሬቱ አረጀ» እንላለን። ሳይንስ ግን «አሲዳማ ሆነ» ይለናል። ለዘመናት የወረደው ከባድ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ወስዶታል፤ በየዓመቱ የሚታጨደው ሰብልም ይዞት ይወጣል፤ ዩሪያም አሲዳማነቱን ያባብሰዋል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ይጎዳል፤ ፎስፈረሱም ይታሰራል። ስለዚህ ማዳበሪያው አፈሩ ውስጥ እያለ ሰብሉ ይራባል።

መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩም እዚያው ጎጃም፣ በደጀን በኩል ይገኛል። ይሁን እንጂ ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚያስፈልግ መኪናና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጥቅሙም በአንድ ዓመት ተሟልቶ አይታይም። ዕውቀቱ በጥናት ወረቀት ላይ ቀርቶ ኖራው ማሳ ካልደረሰ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል።

እንግዲህ የአገር ድህነት ሁልጊዜ ካለማወቅ አይመጣም፤ ብዙ ጊዜ የታወቀውን ለሚያስፈልገው ሰው ካለማድረስ ይመጣል። ይህንንም ሸክም ለመንግሥትና ለተመራማሪዎች ብቻ ልንተወው አይገባም። አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ በዓላትንና አጽዋማትን ሲያወጡ ስሌትና እምነት እንደማይጣሉ አሳይተውናል። እናንተም ኬሚስትሪ የተማራችሁ ወጣቶች፣ የተማራችሁትን ከፈተና ወረቀት ወደ ማሳ አውርዱት። ኖራ ከዘር አስቀድሞ ከአፈር ጋር መቀላቀል አለበትና በበጋው ጀምሩ። ከግብርና ባለሙያው ጋር ሆናችሁ የወላጆቻችሁን ማሳ አፈር አስመርምሩ፤ ውጤቱን በሚገባቸው ቋንቋ አስረዷቸው፤ ኖራውን በጋራ ስለማስመጣትም ጎረቤቶቻችሁን አማክሩ።

አፈር የተሰጠን አደራ ነው። ስለ እርሱ እየጸለይን እንመርምረው፤ መርምረንም እናክመው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።