የናፍጣ ጥራት የምርት ጉዳይ ነው

በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት የስንዴ ማሳ ደርሶ ኮምባይነር በሚጠበቅበት ጊዜ አንድ ቀን ብዙ ዋጋ አለው። ያለ ወቅቱ የሚጥል ዝናብ የደረሰውን ሰብል ሊያበላሸው፣ ነፋስም ሊያረግፈው ይችላል። አርሶ አደሩ ወረፋ ጠብቆ፣ የአጨዳውን ዋጋ በኩንታል ተስማምቶ ያገኘው ማሽን ማሳው መካከል ጉልበት አጥቶ ሲቆም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሞተሩ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ማሽኑ በተሞላው ናፍጣ ላይ ነው።

ምልክቱን ኦፕሬተሮች በሚገባ ያውቁታል። ባዶውን ሲነዳ ደህና የሚመስል ትራክተር ማረሻውን መሬት ውስጥ ሲያስገባ ይደክማል፤ ጋዝ ሲጨመርለትም አይነሳም። ጠፍቶ ጥቂት ካረፈ በኋላ ይነሳና ጥቂት ሠርቶ መልሶ ይጠፋል። ይህ በአብዛኛው የናፍጣ ፊልትሮው መደፈኑን ያመለክታል። ፊልትሮውን መቀየር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ነገር ግን ታንከሩ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ካልወጣ አዲሱ ፊልትሮም በሰዓታት ውስጥ ይደፈናል። በአንድ የአጨዳ ሳምንት ሦስትና አራት ፊልትሮ የሚቀይር ባለ ማሽን ፊልትሮ ሻጩን ከመውቀሱ በፊት የታንከሩን ግርጌ ቢያይ ይሻለዋል።

ዋናው ጠላት ውኃ ነው። የአንድ ሊትር ናፍጣ ክብደት ከ820 እስከ 860 ግራም አካባቢ ሲሆን የአንድ ሊትር ውኃ ግን 1 ሺህ ግራም ነው። በመሆኑም ናፍጣ ውስጥ የገባ ውኃ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ሞተሩም ነዳጁን የሚስበው ከታች በኩል ነው። ውኃው የሚገባው ደግሞ ሰው ሆን ብሎ ሲጨምረው ብቻ አይደለም። በደጋውና በወይና ደጋው አካባቢ በበጋ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ግማሽ ጎደሎ ሆኖ ባደረ ታንከር ወይም በርሜል ውስጥ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ በብረቱ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። በአንድ ሌሊት የሚጠራቀመው ጥቂት ጠብታ ቢሆንም በወራት ውስጥ ብዙ ይሆናል። የመስኖ ወቅት ሲያበቃ ግማሽ ናፍጣ እንደያዘ ጎተራ ሥር የሚቀመጥ ፓምፕ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ሲያጠራቅም ይከርማል።

ውኃው ብቻውን አይቀመጥም። ናፍጣና ውኃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ። የሚተዉት ጠቆር ያለ፣ የሚያሟልጭ ዝቃጭ ፊልትሮውን ይደፍነዋል፤ የሚፈጥሩት አሲድም ብረቱን ይበላዋል፤ ዝገቱም ተራግፎ ወደ መስመሩ ይገባል። ፊልትሮው ሲፈታ ጥቁርና ንፍጥ መሰል ነገር ተለጥፎበት ከተገኘ መንስኤው ይኸው ነው። በዚህ ጊዜ ታንከሩን አውልቆ ማጠብ እንጂ ፊልትሮ መቀያየር መፍትሔ አይሆንም።

በፎገራ ሜዳ ሩዝ ከተነሳ በኋላ በርብና በጉማራ ወንዞች ውኃ ሽንኩርት የሚያለማ አርሶ አደር ይህን ጉዳይ በቀላሉ ሊያየው አይችልም። የሽንኩርት ሥር ጥልቀት የለውም። ኮረቱ በሚሞላበት ጊዜ ፓምፑ ለጥቂት ቀናት ቢቆም የምርቱ መቀነስ በገበያ ላይ በግልጽ ይታያል። የበጋ መስኖ ስንዴም ቢሆን በአበባና በፍሬ ሙሊት ወቅት ውኃ ሲቋረጥበት ይጎዳል። ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለጉልበት የወጣው ገንዘብ ሁሉ በአንድ ጀሪካን ናፍጣ ጥራት ላይ ይንጠለጠላል ማለት ነው።

ጀሪካኑ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ትናንት ዘይት ወይም ውኃ የተቀዳበት፣ ክዳኑ ጠፍቶ በላስቲክ የታሰረ፣ በአቧራማ መንገድ በጋሪና በባጃጅ የተጓዘ ጀሪካን ንጹሕ ናፍጣ ቢቀዳበት እንኳ ንጹሕ ሆኖ አይደርስም። ከመንገድ ዳር ነጋዴ ሲገዛ ደግሞ ላምባ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ላምባ ከናፍጣ የቀጠነና የማለስለስ አቅሙም ያነሰ በመሆኑ በናፍጣው እየለሰለሰ የሚሠራውን ፖምፓ ያደርቀዋል። ጉዳቱም ፊልትሮ በመቀየር የሚድን አይደለም።

ነዳጅን ከሌላ ነገር ጋር መቀላቀል በሕግ የተከለከለ ነው። በጀሪካን መሸጥ ላይ የተጣለው ቁጥጥርም ኮንትሮባንድንና የእሳት አደጋን ለመከላከል የታሰበ በመሆኑ ተገቢነቱ አያጠያይቅም። ሆኖም ትራክተር ከእርሻ ተነስቶ ከተማ ድረስ ናፍጣ ለመሙላት አይሄድም፤ ፓምፕማ ጭራሽ አይንቀሳቀስም። አርሶ አደሩ ከቀበሌ ወደ ወረዳ ለድጋፍ ደብዳቤ ሲመላለስ ማሳው ውኃ ይጠማል፤ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ከመንገድ ዳር ይገዛል። ቁጥጥሩ ሊያጠፋው ላሰበው ሕገ ወጥ ነጋዴ ደንበኛ የሚያመጣለት ከሆነ አሠራሩ እንደገና ሊታይ ይገባል። ማሽንና ፓምፕ ያላቸው አርሶ አደሮች በወረዳው አንድ ጊዜ ተመዝግበው ለወቅቱ በሙሉ የሚያገለግል ፈቃድ ቢያገኙ የሚጎዳ ወገን የለም።

በአርሶ አደሩና በኦፕሬተሩ በኩልም መታረም ያለበት ልማድ አለ። የወረቀት ፊልትሮን በቤንዚን አጥቦ ወይም በአየር ነፍቶ መልሶ መግጠም የተለመደ ነው። እንዲህ የተደረገ ፊልትሮ ከላይ ንጹሕ ቢመስልም ወረቀቱ ስለሚቀደድ ቆሻሻውን ያሳልፋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሥራ እንዳይቆም በሚል ፊልትሮውን ጨርሶ አውጥቶ መንዳት ነው። ይህን ያደረገ ሰው የዕለቱን ሥራ ይጨርስ ይሆናል፤ ለፖምፓና ለኢንጀክተር የሚከፍለው ግን የወቅቱን ትርፍ ሊበላው ይችላል።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይበልጥ የሚያሳስበው ማሽኖቹ ስለተለወጡ ነው። በ2011 ዓ.ም የግብርና መሣሪያዎች ከቀረጥና ከታክስ ነጻ እንዲገቡ ከተፈቀደ ወዲህ አዳዲስ ትራክተሮችና ኮምባይነሮች ወደ አገር ውስጥ ገብተዋል። የድሮዎቹ ሞተሮች ብዙ ይታገሡ ነበር። በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዙት አዳዲሶቹ ግን ናፍጣውን ከ1 ሺህ ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚረጩ በመሆናቸው በዓይን የማይታይ፣ ጥቂት ማይክሮን ብቻ የሆነ አሸዋ ሊያበላሻቸው ይችላል። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በብድር ለተገዛ ማሽን እንዲህ ዓይነት ናፍጣ መስጠት ዕዳን በዕዳ ላይ መጨመር ነው።

መከላከያው ውድ አይደለም። የተገዛውን ናፍጣ በጠራ ጠርሙስ ቀድቶ ማሳደርና ግርጌውን ማየት ውኃና ዝቃጭ መኖሩን ያሳያል። ዳመናማ መልክ ያለው ናፍጣም ውኃ እንደያዘ መጠርጠር አለበት። በርሜሉ ጥቂት ዘንበል ተደርጎ ቢቀመጥና ከግርጌው ከፍ ካለ ቦታ ቢቀዳ ዝቃጩ እዚያው ይቀራል። ሥራ ሲያልቅ ታንከሩን ሞልቶ ማሳደር ጤዛ የሚፈጠርበትን ባዶ ቦታ ይቀንሳል። ውኃ መለያ ያለው ማሽን ደግሞ ጠዋት ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የመለያው ማፍሰሻ ተከፍቶ ውኃው ሊወጣ ይገባል። ነዳጅ ጫኝ ቦቴ ገና እያራገፈ ካለበት ማደያ አለመቅዳትም ብልህነት ነው፤ በዚያ ሰዓት የጉድጓዱ ዝቃጭ ተነቃንቆ ይገኛልና።

ማደያዎች በበኩላቸው የመሬት ውስጥ ታንከራቸውን ውኃ ሲነካው ቀለም በሚቀይር ማጣበቂያ መፈተሽ ይችላሉ። ውጤቱ በየዕለቱ ተመዝግቦ ደንበኛ ሲጠይቅ የሚታይ እንዲሆን የንግድ መሥሪያ ቤቶች ማስገደድ አለባቸው። አርሶ አደሩ የተበላሸ ናፍጣ እንደተሸጠለት ሲያመለክት ናሙና ተቀብሎ የሚያስመረምርና መልስ የሚሰጥ አካልም በየወረዳው ተለይቶ ሊታወቅ ይገባል። ያለዚያ አቤቱታው ፖምፓውን ከፈታው መካኒክ ዘንድ ይቀራል።

የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እንደሚያቀርቡት ሁሉ በሰፋፊ የስንዴና የመስኖ ቀበሌዎች ማጣሪያና ውኃ መለያ የተገጠመለት የናፍጣ ማከማቻ ቢያቋቁሙ የጀሪካኑ ጉዞ ያጥራል፤ ትክክለኛ ፊልትሮም አብረው ሊያቀርቡ ይችላሉ። የግብርና ቢሮውና ዩኒየኖቹ ይህን በመጪው የበጀት ዕቅዳቸው ካስገቡት ኮምባይነሮቹ ወደ ማሳ ከመውጣታቸው በፊት ቢያንስ በጥቂት ወረዳዎች መጀመር ይቻላል።