ከባይትኮዱ በፊት ምንጩን እንረከብ

የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ በሆነችው ከሚሴ አማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ይጻፋል። ስለዚህ በዚያ ለሚገኝ ቢሮ የሚሠራ ፕሮግራም ቅጾቹን በሁለቱም ቋንቋዎች ማሳየት፣ ቃላቱም በየጊዜው ሊታረሙ የሚችሉ መሆን አለባቸው። ሠሪው ምንጭ ኮዱን ይዞ ሄዶ ለቢሮው የተጠናቀረውን ባይትኮድ ብቻ ቢተውስ? ኮምፒውተሩ ወይም የስክሪፕት ቋንቋው ስሪት የተለወጠ ዕለት ፕሮግራሙ ላይከፈት ይችላል።

«ባይትኮዱን መለወጥ ይቻላል» የሚለው መልስ በከፊል እውነት ነው። ሆኖም ሁለት ዓይነት ለውጦችን መለየት ያሻል።

የመጀመሪያው የማሽን ቅርጽ ለውጥ ነው። የሉዋ 5.1 ባይትኮድ የሚጀምረው በ12 ባይት ራስጌ ሲሆን፣ ራስጌው የስሪቱን ቁጥር፣ የባይቶቹን ቅደም ተከተልና የቁጥሮቹን መጠን ይይዛል። ፋይሉ ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት ማሽን ሲዛወር የእያንዳንዱ ጽሑፍ ርዝመት መግለጫ ከ4 ወደ 8 ባይት ይሰፋል፤ ጽሑፉ ራሱ ግን አይነካም። ይህ አድካሚ ቢሆንም አሻሚ አይደለም።

ሁለተኛው የስሪት ለውጥ ነው። እዚህ የትእዛዛቱ ስብስብ ራሱ ይለያያል፤ ሉዋ 5.1 38 ትእዛዛት ሲኖሩት 5.3 47 አሉት። ከዚህም በላይ ትርጉም ይለወጣል። 10ን ለ2 አካፍሎ በ5.1 «5» ብሎ የሚያትም ስክሪፕት በ5.3 «5.0» ብሎ ያትማል። ምንጩ በእጅ ካለ እንዲህ ያለው ልዩነት ተነብቦ ይታረማል፤ ከሌለ ግን በባለጉዳይ ደረሰኝ ላይ እስኪወጣ ድረስ ላይታወቅ ይችላል።

ምንጩን ማስረከብ የድካም ፍሬን ማስነጠቅ ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን በቅጂ መብት ስለሚጠብቅ፣ ጥያቄያቸው ሕጋዊ መሠረት አለው። ነገር ግን ቅጂን ማስረከብ ባለቤትነትን ማስተላለፍ አይደለም፤ የሁለቱ ድንበር በውል ሊወሰን ይችላል።

ስለሆነም ባይትኮድን መለወጥ የመጨረሻ አማራጭ እንጂ የሥራ ዕቅድ ሊሆን አይገባም። ለቢሮዎች የሚሠሩ የመመረቂያ ፕሮጀክቶችም ከምንጭ ኮዳቸው፣ ከቋንቋው ስሪት ቁጥርና ከማጠናቀሪያ መመሪያቸው ጋር ብቻ ተቀባይነት ሊያገኙ ይገባል። የርክክቡ ፈተና ቀላል ነው፦ በሥራው ያልተሳተፈ ሌላ ተማሪ፣ ባዶ ኮምፒውተር ላይ፣ ሠሪውን ሳይጠይቅ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ አጠናቅሮ ማስነሣት ይቻለው።