«ይበል» ብሎ የሚሸኝ የኔታ

ጎጃም ውስጥ መማር ማለት ከቤት መውጣት ነበር። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ዘመድ ወደማይደርስበት ደብር ይሄዳል፤ ዘመድ ካገኘው ወደ ከብቱና ወደ እርሻው ይመልሰዋልና። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር ተጋፍቶ ያገኛትን ቁራሽ ይበላል፣ ጎጆ ቀልሶ ያድራል። ቻይናና አውሮፓ ከመታወቃቸው በፊት ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ለዚህ አገር ልጅ «ውጭ አገር» ነበሩ።

ዛሬ ከደብረ ማርቆስ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ቤጂንግ ለሚሄድ ወጣት ሁላችንም «በርታ» እንለዋለን። የኔታ ግን «በርታ» ማለት አያበዙም ነበር። እንዲያውም ማበረታታትን ከእሳቸው መማር ያለብን ለዚህ ነው።

የቅኔ ጉባኤን እንመልከት። ተማሪው ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይዞ ይቀርባል። የኔታ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ይሰማሉ። «ድገመው» ይላሉ። ቤቱ ከጎደለ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ያርሙታል፤ ያለ ርኅራኄ። ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፣ እያለ እስከ መወድስ ስምንት ቤት ይወጣል። አንድ ቀን «ይበል!» ቢባል፣ ያቺ ቃል ለዓመት ስንቅ ትሆነዋለች፤ በከንቱ እንዳልተባለች ያውቃልና።

ከዚያ ደግሞ ይሸኙታል። ቅኔውን የጨረሰ ድጓ ለማስመስከር ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር ይሄዳል። መምህሩ ያላቸውን ሰጥተው የሌላቸውን ፍለጋ ወደ ሌላ መምህር ይልካሉ። ሐዲስ ዓለማየሁም ከደብረ ኤልያስና ከዲማ ጉባኤ ወጥተው አዲስ አበባ ደርሰዋል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ያ ጉባኤ አብሯቸው እንደሄደ ያያል።

የቻይና ታሪክ የዚህን ተቃራኒ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1854 ከየል ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው ዩንግ ዊንግ ከ1872 ጀምሮ 120 ልጆች አሜሪካ እንዲማሩ አድርጎ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ግን «ልጆቹ አገራቸውን ረሱ» ብሎ ፈራ፤ በ1881 አብዛኞቹ ሳይጨርሱ ተመለሱ። ዲግሪውን ከያዙት ጥቂቶች አንዱ ዣን ቲያንዩ ግን በ1909 ከቤጂንግ እስከ ዣንግጂያኮ ያለውን የባቡር መንገድ ሠርቶ አስመረቀ። ልኮ የሚፈራ መንግሥት የዘራውን ሳያጭድ ይነቅላል።

የቆሎ ትምህርት ቤትን አላሞግስም፤ ብርዱና ረኀቡ ብዙ ልጅ ቀጥፏል፣ ለሴት ልጅም በሩ ጠባብ ነበር። ግን በጽላሎ የቅኔ መምህርት የሆኑት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔን የተማሩት ከአባታቸው ከየኔታ ሐዲስ ነው። በሩ የተከፈተው መምህሩ መክፈት ስለፈለጉ ነው።

አሁን ያለው የመምህር ማበረታቻ ብዙ ጊዜ ስም ብቻ ተቀይሮ የሚፈረም የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ለወጣቱ የሚያስፈልገው ግን ጽሑፉን ወስዶ ቀዩን ቀለም የሚያፈስበት፣ ከዚያም «ይህን ከእኔ አታገኝም፤ እገሌ ዘንድ ሂድ» የሚለው ሰው ነው። ተማሪያችሁ ባሕር ማዶ የመጀመሪያው ፈተና ሲከብደው ስልኩን አንስቶ የሚደውለው ለማን እንደሆነ ጠይቁት። ስማችሁን ካልጠራ፣ ፈርማችሁለታል እንጂ አልሸኛችሁትም።